የከድር ሞተር የተፈታበት ክረምት

በቅርቡ ለመኪናዬ ኩሽኔታ ፍለጋ ሶማሌ ተራ ሄጄ ነበር። አንድ ወጣት ሱቁ ደጃፍ ላይ በርጩማ አውጥቶ ተቀምጦ የአሮጌ ሾክ ዘይት ያፈሳል። ሾኩን ዘቅዝቆ ወደ ታች በተጫነው ቁጥር ጥቁር ዘይት እየተንጠባጠበ ወደ ተቆረጠ ጄሪካን ይወርዳል። ሽታው ደረሰኝ። የሞተር ዘይት ሽታ አይደለም፤ የናፍታም አይደለም። ብዙ ዘመን ብረት ውስጥ ታፍኖ የከረመ፣ የተበላሸ ዓሣና የተቃጠለ ጎማ አንድ ላይ የሚሸት ነገር ነው። ሻጩ ዋጋ ይነግረኝ ነበር፤ አልሰማሁትም። "እህት፣ ትወስጂዋለሽ?" ሲለኝ እኔ የድሮው ግቢያችን ውስጥ ነበርኩ። ዝናብ ያካፋል፤ የወንድሜን የከድርን ሞተር የኋላ ጎማ በሁለት እጄ አቅፌያለሁ።

ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። የምንኖረው እዚያው መርካቶ ውስጥ፣ ብዙ ቤተሰብ አንድ ቧንቧ የሚጋራበት የቀበሌ ግቢ ውስጥ ነው። አባቴ ሱልጣን ሶማሌ ተራ አሮጌ መለዋወጫ የሚሸጥባት ጠባብ ሱቅ ነበረችው። ከተፈታ መኪና፣ ከተገለበጠ ሞተር የወጣውን ሁሉ ይገዛል፤ በናፍታ ያጥባል፤ በሽቦ ብሩሽ ይፈትጋል፤ ከዚያ ጥቁር ቀለም ይቀባዋል። ጥፍሩ ሥር ያ ጥቁር ቀለም የማይጠፋ ስለነበር እኔ አባቶች ሁሉ እንደዚያ ሆነው የሚፈጠሩ ይመስለኝ ነበር። እናቴ "ለምንድነው ሁሉንም የምትቀባው?" ብትለው "ያልተቀባ ዕቃ ማን ቆሞ ያየዋል?" ይላታል።

ከድር ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ ያጣ ወጣት ነበር። የልብ ጓደኛው ሽኩር ደግሞ የጎረቤታችን የእትዬ ዘይነባ አንድያ ልጅ ነው። የእነሱ በርና የእኛ በር በቧንቧው ግራና ቀኝ ይተያያሉ። ሁለቱ ተጋግዘው አንድ የገጠር ፕሮጀክት ሲዘጋ ከወጣ ጨረታ ሞተር ሳይክል ገዙ። እንደ ከተማ ሞተር አልነበረም። ቁመቱ ከፍ ያለ፣ ጎማው ጥርሳም፣ ጭቃ የሚከላከለው የፊት ፓራፋንጎው ወደ ላይ የተሰነዘረ፣ ለጭቃና ለድንጋይ የተሠራ ሞተር ነው። በዚያ ላይ ባትሪ ድንጋይ፣ መስታወት፣ የላስቲክ ጫማ እየጫኑ ጉራጌ አገር ገበያ ለገበያ ይዞሩ ጀመር። ከድር ይነዳል፤ ሽኩር ሸቀጡን ጀርባው ላይ አዝሎ ከኋላ ይቀመጣል። ሲመለሱ እስከ ቅንድባቸው ጭቃ ለብሰው፣ ለእኔ ሸንኮራ ይዘው ይመጣሉ። አንዳንዴ ሽኩር መሀላቸው አስገብቶኝ እስከ ሲኒማ ራስ ደርሰን እንመለሳለን። የላስቲክ ኮቱ ጉንጬን ይቀዘቅዘው ነበር።

የኋላ ሾኩ ዘይት ማፍሰስ የጀመረው ያን ዓመት በበልግ ነው። ሾክ ማለት ከመቀመጫው ሥር ቆሞ መንገድ የሚመታውን ሁሉ የሚውጥ፣ ወፍራም ሞላ የተጠመጠመበት ብረት ነው። እሱ ከደከመ ሞተሩ እንደ ፈረስ ይዘላል። ሽኩር በመጣ ቁጥር ወገቡን ይዞ "ጋሽ ሱልጣን፣ ኩላሊቴ ጉሮሮዬ ደርሷል እኮ!" እያለ አባን ያስቀው ነበር። አንድ ዓርብ ከጁምዓ መልስ አባ ከሱቁ ሌላ ሾክ አምጥቶ በገዛ እጁ ገጠመላቸው። አሮጌ ነው፤ ግን ጥቁር ቀለሙ ያብለጨልጭ ነበር። አባ እንደ ልጅ መቀመጫው ላይ ወጥቶ እየተነሳ እየተቀመጠ ሞከረው። "ይሄስ ሐጅ ያስኬዳል" አለ። ሁላችንም ሳቅን።

ትምህርት ቤት እንደተዘጋ አንድ ከሰዓት በኋላ ግቢው በሰው ተሞላ። የሆነ ሰው እናቴን ጆሮዋ ሥር "ሽኩር አረፈ" ሲላት ሰማሁ። ደክሞት ይሆናላ አልኩ በልቤ፤ ያን ሁሉ ጭነት ተሸክሞ። ከድርም አብሮት እያረፈ ነው ብዬ አሰብኩ። ድንኳን ሲተከል እንኳ አልገባኝም ነበር። እትዬ ዘይነባ ከሴቶቹ መሀል ተነሥተው፣ ነጠላቸው ከራሳቸው ወድቆ፣ ወደ እኛ በር እየጠቆሙ "ፍጥነት ነው ልጄን የበላው! የከድር ፍጥነት!" ሲሉ ግን ሽኩር እንደማይመጣ ገባኝ። ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ገደል ውስጥ ገብቶ ነው። ሽኩር እዚያው ቀረ። ከድር ሆስፒታል ተኝቶ ትራፊክ ፖሊስ ሲጠይቀው "አዎ፣ ፈጥኜ ነበር" ብሎ ቃሉን ሰጠ።

ከድርን በቃሬዛ አመጡልን። ጓዳ አስተኙት፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ድሮ እንደማደርገው ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርጌ ውስጥ እግሩን ኮረኮርኩት። ዝም አለ። ደግሜ ኮረኮርኩት። እየኮረኮርኩት መሆኑን አላወቀም። ብርድ ልብሱን መልሼ ወጣሁ፤ ለማንም አልተናገርኩም። የሚያመጡለትን ምግብ ቀመስ አድርጎ ይመልሳል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ቤታችን ውስጥ መናገር የማያስፈልግ ስለሚሆን ሁላችንም ዝናብ የምንወድ መሰለኝ።

ሞተሩ ቆይቶ በአይሱዙ ተጭኖ መጣ። ሌላ ቦታ ስለሌለ ቧንቧው አጠገብ አቆሙትና ሸራ አለበሱት። የኋላ ጎማው ወደ ላይ ተሰንቅሮ ከመቀመጫው ሥር ተወትፎ ነበር። እትዬ ዘይነባ ውሃ ሊቀዱ ሲመጡ ጄሪካናቸውን ቧንቧው ሥር ያስቀምጡና ጀርባቸውን ለሞተሩ ሰጥተው እስኪሞላ ይጠብቃሉ። የእኛን ቤት ሰው ሰላም ማለት ትተዋል። እናቴ ግን ሁልጊዜ "እንደምን ዋልሽ ዘይነባ?" ትላቸዋለች። ውሃው ብቻ ይንሿሿል።

በዚያው ሰሞን እናቴ ለአክስቴ "ወገቡ ውስጥ ብረት ቢገባለት ይሻለው ይሆናል ብለዋል ሐኪሞቹ። ብረቱ ግን እዚህ አገር አይገኝም አሉ" ስትላት ሰማሁ። አባም ሰምቷል፤ አጠገቧ ነበር። በማግስቱ አባ ሱቁን ቀደም ብሎ ዘግቶ፣ የመፍቻ ቁልፍ ከረጢቱን ይዞ ቤት መጣና ሸራውን ገፈፈው።

"ሰሚራ፣ ነይ ያዥልኝ" አለኝ።

እኔ ወዲያው ነገሩ ገባኝ። እዚህ አገር የጠፋው ብረት የአባ ሱቅ ውስጥ ሞልቷል። ከድር ወገብ ውስጥ የሚገባው ደግሞ ሞላ ያለው ብረት መሆን አለበት፤ ሰው ሲራመድ ከፍ ዝቅ ይላላ። አባ የሚያወጣው ለእሱ ነው። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ቁልፍ ሲለኝ ቁልፍ፣ ካቻቢቴ ሲለኝ ካቻቢቴ እያቀበልኩ ከአጠገቡ አልለይ አልኩ።

አባ ሞተሩን ከወገቡ ከፍ አድርጎ ሥሩ የእንጨት ሳጥን አስገባበት፤ የኋላ ጎማው ከተወተፈበት ወጥቶ መሬት ሳይነካ ተንጠለጠለ። መቀመጫውን ፈታ። የጎን ሽፋኖቹን ፈታ። ደረቅ ጭቃ እየተፈረፈረ ወደቀ፤ ቀይ ነው፣ የመርካቶ ጭቃ አይመስልም። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ታያለች።

"የከድር አባት፣ ምን ሊጠቅም ነው? ለቁራሌው ስጠውና ከዓይናችን ይጥፋ።"

"ላየው ነው።"

"ምኑን?"

"ላየው ነው አልኩሽ።"

ሾኩን ከላይ የያዘው ብሎን ያለ ብዙ ትግል ወጣ። የታችኛው ግን ተጣሞና ዝጎ እምቢ አለ። አባ ነጭ ጋዝ አፈሰሰበት፤ መዶሻውን አነሣና መምታት ጀመረ። ድምፁ ግቢውን ሞላው። እትዬ ዘይነባ ጄሪካናቸውን ይዘው ወጡ። ውሃውን አልከፈቱም። ከድንኳኑ ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አባን አናገሩት።

"ጋሽ ሱልጣን፣ ሊጠግኑት ነው?"

"አይደለም ዘይነባ።"

"ሊሸጡት ነው?"

"አይደለም።"

"ታዲያ?" አባ ወደ ብሎኑ ጎንበስ ሲል ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ልጄ የሞተበት ብረት ነው። ማየቱ አንሶኝ ድምፁንም ልስማ?"

አባ መዶሻውን መሬት አስቀመጠ። ያን ቀን ሁለተኛ አላነሣውም። ብሎኑ ላይ ነጭ ጋዝ እየጨመረ፣ ጨርቅ እየጠቀለለ፣ ዝገቱ እስኪለቅ በዝምታ ይጠብቅ ጀመር።

እኔ ግን መጠበቅ አልቻልኩም። ጓዳ ገብቼ የከድር ፍራሽ አጠገብ ተንበረከክሁ። ክፍሉ የቅባትና የላብ ሽታ ነበረው።

"ከድር፣ የምሥራች ልንገርህ? አባ ብረትህን እያወጣልህ ነው።"

"የምን ብረት?"

"ወገብህ ውስጥ የሚገባው። ሞላው።"

ፊቱን ከግድግዳው መለሰ። መጀመሪያ ሳቀ፤ ከአደጋው ወዲህ ሲስቅ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። "አንቺ! ታዲያ እየዘለልኩ ልሄድ ነዋ!" አለኝ። እኔም እየሳቅሁ "የኋላውን እኮ ነው፤ ያን አባ የቀባውን" አልኩት። ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ።

"የኋላውን ሾክ? አባ እየፈታው ነው?"

"አዎ።"

"ጥሪው። አሁኑኑ ጥሪው!"

አባ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ገባ። ከድር በክርኑ ሊነሣ ሞከረና አቃተው።

"ተወው አባ። ፈጥኜ ነበር አልኩ እኮ። ለፖሊስም ተናግሬያለሁ፤ አለቀ።"

አባ አልተቀመጠም። "በምን ማርሽ ነበርክ?" አለው።

"እ?"

"ቁልቁለቱ ላይ። በምን ማርሽ ነበርክ ከድር?"

ዝናቡ ጀምሮ ነበር። ከድር "በሁለተኛ" አለ።

"በሁለተኛ ማርሽ፣ ሰውና ጭነት ይዘህ፣ እንዴት አድርገህ ነው የፈጠንከው?"

"አባ፣ በአላህ ይዤሃለሁ። እኔ እንደሆን ከዚህ አልነሣም። ቢያንስ አንተ ሱቅህ ግባ፤ ሥራህን ሥራ። ተወው።"

አባ ጨርቁን ይዞ ወጣ። ከድር እጁን ዘርግቶ ጸጉሬን ነካ። "ሰሚሬ፣ ያ ሞላ ለእኔ አይሆንም። ለሰው አይሆንም፤ ለሞተር ነው" አለኝ። እሱ ያለቀሰ አልመሰለኝም፤ እኔ ግን አለቀስኩ። ያን ሁሉ ቁልፍ ያቀበልኩት በከንቱ ነበራ።

በማግስቱ ከሰዓት ብሎኑ ላላ። ዝናቡ ያካፋል። አባ "ጎማውን እቀፊና በትንሹ ከፍ አድርጊልኝ፤ ብዙ አይደለም፣ ክብደቱ እስኪለቀው ብቻ" አለኝ። አቀፍኩት። ጥርሳሙ ጎማ ደረቴን ወጋኝ፤ ጭቃው ሹራቤ ላይ ተለጠፈ። ከፍ አደረግሁ። "ትንሽ ዝቅ... እሱ ነው፣ እሱ ነው፣ ያዥው!" ብሎኑ ከጉሮሮ እንደሚወጣ አጥንት ጭርር እያለ ወጣ። አባ ሾኩን ይዞ ወደ ታች ሳበው፤ መጣ። ከታች በኩል፣ ብሎኑ የሚያልፍበት ቀለበት ግን አብሮት አልመጣም። ተሰብሮ ነበር። ቀለበቱ ብቻውን ጭቃው ላይ ወደቀ። ከሾኩ ደግሞ ዘይቱ መንጠባጠብ ጀመረ፤ ያ ሽታ ግቢውን ሞላው።

አባ ሾኩን ትቶ ቀለበቱን አነሣ። በናፍታ አጠበው፤ በብሩሽ ፈተገው፤ ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርጎ ያዘው። እኔም በእጁ ሥር ተንጠራርቼ አየሁት። የተሰበረበት ቦታ አንደኛው ጎን ገና ትናንት እንደተሰበረ ብረት ያበራል። ሌላኛው ጎን ግን ሌላ ነበር።

"ጥቁር ነው" አልኩ።

"ምኑ?"

"ውስጡ። ቀለም አለበት።"

አባ ቀለበቱን ወደ ዓይኑ አስጠጋ። "አዎ" አለ። "ቀለም አለበት።"

ያን ጊዜ ቀለም እንዴት ብረት ውስጥ ሊገባ እንደሚችል ገርሞኝ ብቻ አለፈ። ትርጉሙ የገባኝ ቆይቶ ነው። ቀለበቱ ከዚያ በፊት ተሰንጥቆ የተበየደ ነው። ከብየዳው ጎን ቀጭን ስንጥቅ ቀርቶ ነበር። አባ እንደ ልማዱ ብሩሹን ሲያሳልፍበት ቀለሙ ስንጥቁ ውስጥ ገባ፤ ላዩ አብረቀረቀ፤ ስንጥቁ ተሸፈነ። ለልጁ ሞተር የገጠመው እሱን ነው።

አባ ቧንቧው ሥር ቁጭ ብሎ እጁን ታጠበ። ከንጹሕም በላይ ታጠበ። ከዚያ ቀለበቱን በጨርቅ ይዞ የእትዬ ዘይነባ በር ፊት ለፊት፣ ዝናቡ ላይ ቆመ። እትዬ ዘይነባ ደፉ ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅሙ ነበር።

"ዘይነባ" አለ አባ። "ከድር አይደለም። እኔ ነኝ።"

እትዬ ዘይነባ ቀና አሉ። አባ ጨርቁን ገልጦ አሳያቸው። ብየዳውን፣ ቀለሙን፣ ስንጥቁን በጣቱ እየጠቆመ ነገራቸው። "ሾኩን ስገዛው ብየዳውን አይቼዋለሁ። ደህና መስሎኝ ነው። ቀባሁት። ለልጆቼ ገጠምኩት" አለ።

ብረቱን ከእጁ ተቀበሉት። መዳፋቸው ላይ አገላብጠው አዩት።

"ከድር ያውቃል?"

"ያውቅ ኖሯል። ፈጠንኩ ያለው እኔን ሊሸፍን ነው።"

እትዬ ዘይነባ ምስሩን ወደ ጎን አድርገው ተነሡ። ነጠላቸውን አጣፉና አባን አልፈውት ወደ እኛ ቤት ገቡ። እናቴ ከምድጃው ዳር ብድግ አለች። እሷንም አልፈው ጓዳ ገቡና ከከድር ፍራሽ ሥር መሬት ላይ ተቀመጡ። ከድር ሲያያቸው ፊቱን በክንዱ ሸፈነ።

"ክንድህን አውርድ" አሉት። "አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው የመጣሁት። እስካሁን ማንም አልነገረኝም። ሽኩር መጨረሻ ላይ ምን አለ?"

ከድር ክንዱን አወረደ። "እንቁላል ይዞ ነበር፤ ጭድ ውስጥ አድርጎ። 'ቀስ በል፣ እንቁላሉ ይሰበራል' አለኝ። እትዬ፣ ወላሂ ቀስ አልኩ። ከዚያ ከሥራችን ቷ አለ።"

"እንቁላል አምጣልኝ ብዬው ነበር" አሉ እትዬ ዘይነባ። እጃቸውን ከድር ደረት ላይ አድርገው ተቀመጡ። ዝናቡ እስኪያባራ ድረስ እጃቸውን አላነሡም።

ሲወጡ አባ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ፊት ለፊቱ ቆሙ።

"ጋሽ ሱልጣን፣ እርስዎን አፉ ልል አልቻልኩም። አላህ ያውቃል፣ ልል ብዬ ነበር የተነሣሁት፤ አፌ እምቢ አለኝ።" ወደ እናቴ ዞሩ። "ልጁ ግን ይብላ። ከስቷል። ነገ አጥሚት አመጣለታለሁ።"

አመጡለትም። ከድር ከሌላ ሰው እጅ ያልበላውን ከእሳቸው እጅ ጠጣ። በየቀኑ ይገቡ ነበር፤ ለአባ ግን አንድም ቃል አልተናገሩትም። አባ ሾኩን ለቁራሌው ከመስጠቱ በፊት በሴጌቶ መጋዝ ከሁለት ቆረጠው። ቁራሌው ቁርጥራጩን እያገላበጠ "ጋሼ፣ እንዳለ ቢሆን እኮ ሌላ ሰው ይሠራበት ነበር" ሲለው አባ "ለዚያ ነው" ብቻ አለው። ቀለም ዳግመኛ ሱቁ ውስጥ አልገባም። ዝገት ያለው ዕቃ ማንም ቆሞ አላየለትም፤ ሱቋም ውላ ሳታድር ተዘጋች።

ዝናቡ ሲያባራ፣ ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል፣ እትዬ ዘይነባ ወደ አገራቸው ሊገቡ ተነሡ። ብቻቸውን ያችን ቤት አልቻሏትም። ጠዋት ጓዛቸውን በአንሶላ ጠቅልለው በር ላይ አወጡ። ተሸካሚ ሳይጠራ አባ መጣና ጥቅሉን አንሥቶ ትከሻው ላይ አደረገ። እትዬ ዘይነባን አየኋቸው፤ ተዉ የሚሉ መስሎኝ ነበር። አላሉም። ፊት ፊት ሄዱ፤ አባ ከኋላቸው፣ እኔ ከአባ ኋላ ሆነን በጭቃው መሀል አውቶቡስ ተራ ደረስን። አባ ጥቅሉን ለረዳቱ አቀበለና ወደ ኋላ ፈቀቅ ብሎ ቆመ።

እትዬ ዘይነባ መስኮቱ ጋ ተቀምጠው ጠሩኝ። ተንጠራርቼ እጃቸውን ሳምኩ።

"ሰሚራ፣ ወንድምሽን ቶሎ ቶሎ አገላብጡት። ጀርባው እንዳይቆስል" አሉኝ።

አውቶቡሱ ሲነሣ አባን አላዩትም። እሱ ግን ጥቅሉ ጣራው ላይ በደንብ መታሰሩን በዓይኑ እየተከተለ፣ አውቶቡሱ ከታጠፈ በኋላም ቆሞ ነበር።